ስድስት መቶ አሥራ አንድ

«ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ነው» አለችኝ ሸዋረጋ፣
«በሌሊት ስወጣ፣ ገና ሳይነጋ፤
ቀይ ሦስት ማዕዘን ዳሽቦርዱ ላይ ያፈጣል፣
ከዚያ መኪናው እንደተቀየመ ሰው ዝም ይላል።»

የኩላሊት ታማሚዎች ታመላልሳለች፣
ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፣ ሌሊት ትነሳለች፤
አንድ ቀን ሚስተር ኦርቴጋን እንደያዘች
ሀይዌይ ዳር በዝናብ ቆማ ቀርታለች።
ሻጩ ድርጅት «ባትሪው ሞቷል፣ ይቀየር» ብሏታል፤
ዋጋውን ወረቀት ላይ ጽፎ፣ አጥፎ ሰጥቷታል።
ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣችና መልሳ ከተተችው፤
ቁልፉን ግን ጠረጴዛዬ ላይ በቀስታ አኖረችው።

በኦሮራ፣ ሃቫና ጎዳና፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ፣
ሁለት መኪና ከገባ ሦስተኛ የማይገባ
ጋራዥ አለኝ።

ኮምፒውተሩን ከመሪው ሥር ሰካሁት፣
የተፋውን ፊደልና ቁጥር አነበብኩት፦
ፒ፣ ዜሮ፣ ኤ፣ ኤ፣ ስድስት።
«ኃይል ወደ ቦዲው ይሾልካል» ማለት ነው ትርጉሙ፤
ሌባ አለ ይላል እንጂ አይጠራም በስሙ።
ኮድ እንደ ሐሜት ነው፣ ግማሹን ይነግራል፤
ሰነፍ መካኒክ ግን እዚያው ላይ ያድራል፣
ባትሪ ያስቀይራል።

ከኮዱ ሥር ሌላ ኮድ አለ፤ ብዙ ሰው አይከፍተውም።
አሥራ ሁለት ቢል ባትሪው፣
አሥራ ሦስት ቢል ሞተሩ።
ያለው ግን ስድስት መቶ አሥራ አንድ ነው፦
የአየር ማቀዝቀዣው መስመር።

ዝናቡ አልነበረም ለካ።
መስታወቱ በጉም ሲሸፈን የምትጫነው ቁልፍ ነበር።

የጎማ ጓንቴን ነፋሁት፤ ትንፋሼን ያዘ።
ብርቱካናማውን መሰኪያ ከባትሪው ጎን ነቀልኩ፣
ማንም እንዳይመልሰው ኪሴ ከተትኩ፣
አሥር ደቂቃ ቆምኩ።
ያልፈሰሰ ኃይል አለ፣ ሽቦ ውስጥ የሚያደባ፤
ዝም ያለውን ሁሉ ሞቷል ብሎ የገባ
እጅ አለ፣ ማታ ቤቱ ያልገባ።

ከዚያ መለኪያውን፣ አንዱን ጫፍ ከብረቱ፣ ሌላውን ከገመዱ፤
ሽቅብ መውጣት ሲገባው ቁጥሩ ወረደ፣ ሰው እንደደከመው በመንገዱ።
ኮምፕሬሰሩን ፈታሁ።
ዘይቱን ነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ አደረግኩ።

ቢጫ አረንጓዴ።
ዐወቅኩት።
ይህ ዘይት በቀበቶ ለሚዞር እንጂ ለሃይብሪድ አይሆንም፤
የጥቅሉን ሽቦ ልባስ ቀስ እያለ ይልሳል፣
ዓመት አይሞላውም፣ ኃይሉን ወደ ብረቱ ያፈሳል።

ባለፈው ሐምሌ፣ በዚያ የሙቀት ሳምንት፣
ወረፋው አጥሩ ድረስ ሲሞላ፣
«ቀዝቃዛ አየር ጠፋ» ብላ መጥታ ነበር።
ከመደርደሪያው ጣሳ ያወረደ እጅ ነበር፣
መለያውን ያላነበበ።
የኔ እጅ።

ኮዱ ስም አይጽፍም። ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።
«አርጅቷል» ብላት ታመሰግነኛለች፤
ከጎረቤት ተበድራም ቢሆን ትከፍለኛለች።
ጨርቁን አጠፍኩ፤ ዘረጋሁ፤ ደግሜ አጠፍኩ።

«የተሳሳተ ዘይት ገብቶበታል» አልኳት።
ገብቶበታል። እንደ ኮዱ፣ ግማሹን ነገርኳት።

«ስንት ነው?»
«አትከፍዪም።»

እጄን አየች። ጨርቁን አየች።
ብዙ ጊዜ ዝም አለች።
«ሐሙስ የሚስተር ኦርቴጋ ተራ ነው» ብቻ አለች።

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥር ተኩል፣ በራሴ መኪና፣
ሽማግሌውን ደግፌ አስገባሁ፤ ያበጠ እግሩን አነሳሁለት፣
ብርድ ልብሱን አለበስኩለት።
ኮልፋክስ ላይ ቀይ መብራት ያዘን።
«የሷ መኪና ምን ሆኖ ነው?» አለኝ፣
ፊቱን በመስታወቱ ወደኔ አዙሮ።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።
ከኋላችን ጡሩምባ ነፉ።